ክዳኑ ስለ ማን ይመሰክራል? በአሮጌ ኳርትዝ ሰዓቶች ጀርባ ላይ ስለሚገኙ ምልክቶች

ባሕር ዳር ላይ አሮጌ የእጅ ሰዓት ሊገዛ የሚያገላብጥ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ጀርባው ላይ ነው። ፊቱ እንደሚቀየር፣ መስታወቱ እንደሚተካ፣ ማሰሪያው እንደሚታደስ ሁሉም ያውቃል፤ ክዳኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና ጽሑፍ ግን እንደ መታወቂያ ይታመናል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን የሚያስረዳው ክዳኑን በጥፍሩ እየነካ ነው፤ ኦሪጅናል ጃፓን ነው፣ የ78 ሥሪት ነው፣ የጦር ሠራዊት ነው፣ ውኃ አይበግረውም ይላል። ይህ እምነት እስከ ምን ድረስ ያስኬዳል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ክዳን ከሁሉ በፊት የሚመሰክረው ስለ ራሱ ብቻ ነው። ገዢ የሚጓጓለት ጥርት ያለ የፋብሪካ ጽሑፍ ስለዚያች አንዲት ሰዓት ሕይወት የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ሻጭ በፖሊሽ የሚያጠፋው ጭረት፣ የባትሪ ቀንና በእጅ የተቀረጸ ስም ግን ብዙ ይነግረናል። እኛ አገር ደግሞ በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠር ጣጣ ይጨመርበታል።

ነገሩ በኳርትዝ ሰዓት ላይ ለምን እንደሚጎላ ከአሠራሩ መረዳት ይቻላል። ሰዓት አምራቹ ሴይኮ፣ አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ለገበያ ያወጣው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን 1962፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ቀን 1969 ነበር። ዋጋው 450,000 የን፣ በጊዜው የአንድ አነስተኛ መኪና ዋጋ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ግን ኳርትዝ ከቅንጦት ዕቃነት ወርዶ የተማሪና የሹፌር ሰዓት ሆነ። ስለዚህም ሰብሳቢዎች ይንቁታል፤ ነፍስ የለውም፣ ባትሪ ነው ይላሉ። የሚናቅበት ምክንያት ራሱ ነው ለእኔ የሚጠቅመኝ። በጥምዘዛ የሚሠራ ሰዓት ካልቆመ ወይም ካልዘገየ ለዓመታት ሳይከፈት ይኖራል። ኳርትዝ ግን በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ባትሪ ይለወጥለታል፤ በተለወጠ ቁጥር ክዳኑ ይነሣል፤ በተነሣ ቁጥር የሆነ ሰው እጅ ምልክት ይተውበታል። አርባ ዓመት የኖረ ኳርትዝ አሥራ አምስት ጊዜ ተከፍቶ ቢሆን አይደንቅም።

ከፋብሪካው ምልክት እንጀምር፤ በጣም የሚታመነውም በጣም በስህተት የሚነበበውም እሱ ነውና። በድሮ የሴይኮ ክዳን ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። አንደኛው በሰረዝ የተከፈለ ባለ አራት አራት ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 7548-7000። ፊተኛው ክፍል የማሽኑን ዓይነት፣ ኋለኛው የቀፎውን ዓይነት ይናገራል። ሁለተኛው ባለ ስድስት ቁጥር መለያ ነው። የዚህ የመጀመሪያው ቁጥር የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ወሩ ነው፤ ከጥር እስከ መስከረም ያሉት የፈረንጅ ወራት ከ1 እስከ 9 ሲጻፉ ለኦክቶበር ኦ ወይም ዜሮ፣ ለኖቬምበር ኤን፣ ለዲሴምበር ዲ ይገባል። እንግዲህ መለያ ቁጥሩ በ78 የሚጀምር ሰዓት ቢገጥመን፣ ሻጩ «የ78 ናት» ሲል ገዢው 1978 ዓ.ም. ብሎ ይሰማዋል፤ ትንሽ የተራቀቀው ደግሞ በፈረንጅ 1978 ነው ብሎ ያርመዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። 7ቱ ዓመት፣ 8ቱ ወር ነው፤ ሰዓቷ የተሠራችው በኦገስት 1977 ወይም በኦገስት 1987 ነው። በእኛ ሲመለስ ሐምሌ መጨረሻ ወይም ነሐሴ 1969፣ አለዚያም 1979 ይሆናል። ከሁለቱ አሥርት የትኛው እንደሆነ መለያ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም፤ የሚፈታው ማሽኑ ነው። 7ኤ28 የተባለው የክሮኖግራፍ ማሽን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ስለሆነ፣ ይህን ማሽን የያዘና መለያው በ5 የሚጀምር ሰዓት የ1975 ሊሆን ከቶ አይችልም። ወሳኙ ማስረጃ ከክዳኑ ውጭ መሆኑን ከወዲሁ ልብ እንበል።

ሲቲዝንም ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል፤ ልዩነቱ ወሩን በሁለት አኃዝ መጻፉ ነው። ካሲዮ ግን ጨርሶ ሌላ ነው። ኤፍ-91ደብሊው በተባለችው፣ በየሱቁ በምናያት ፕላስቲክ ሰዓት ጀርባ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው 593 የማሽኑ ቁጥር ነው። ሰዓቷ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ስትሠራ የኖረች በመሆኗ ያ ቁጥር ስለ ዕድሜዋ የሚለው ነገር የለም። በነገራችን ላይ ይህችው ሰዓት ፌብሩዋሪን ሁልጊዜ 28 ቀን አድርጋ ስለምትቆጥር፣ የእኛን የሠላሳ ቀን ወር ሊሞሉባት የሚሞክሩ ሰዎች በሁለተኛው ወር ላይ መሸነፋቸው አይቀርም፤ ጳጉሜንማ ጭራሽ አታውቃትም። ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ በኢትዮጵያ ሰዓት መሙላት ቀላል ነው፤ ቀኑን ግን ማሽኑ እሺ አይልም።

ከቁጥሮቹ ጎን ያሉት ቃላት ለገዢው ክብር መስለው የሚታዩ ግን የግዴታ መግለጫዎች ናቸው። «ስቴንለስ ስቲል ባክ» ማለት የማይዝገው ክዳኑ ብቻ ነው ማለት ነው። ቀፎው ሙሉ ስቲል ቢሆን ኖሮ አምራቹ ይህን ለመደበቅ ምክንያት የለውም፤ ብዙ ጊዜ አብሮት «ቤዝ ሜታል» የሚል ይጨመራል፣ ማለትም ቀፎው በክሮም ወይም በወርቅ ቅብ የተሸፈነ ተራ ብረት ነው። በባሕር ዳር ሙቀት ላብ የነካው እንዲህ ያለ ቀፎ መጀመሪያ ማሰሪያው በሚያያዝበት ቀንድ ላይ ይላጣል፤ ጀርባው እንደ አዲስ እያበራ ጎኑ የነሐስ ቀለም የሚያወጣው ለዚህ ነው። «ወተር ሬዚስት» የሚለውም እንዲሁ ነው። ምንም ቁጥር ሳይከተለው ሲቀር ከላብና ከዝናብ ጠብታ ይጠብቃል ከማለት አያልፍም፤ 50 ሜትር ወይም 5 ባር ቢከተለውም ፈተናው የተደረገው ሰዓቱ አዲስ ሳለ፣ ውኃ የሚከለክለው የክዳኑ ጎማ ለስላሳ ሳለ ነው። የክዳኑ ጽሑፍ አርባ ዓመት ይቆያል፣ ጎማው ግን ይደርቃል። ጣና ላይ በጀልባ የሚሠራ ወይም ዓሣ የሚያጠምድ ሰው በዚያ ጽሑፍ ተማምኖ እጁን ውኃ ውስጥ ቢከት የሚያጣው ሰዓቱን ነው። ሴይኮ በጠላቂ ሰዓቶቹ ክዳን ላይ የሚቀርጸው የማዕበል ሥዕል ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ ለመጥለቅ የተሠራ ቀፎ ምልክት ነው። ነገር ግን ያንን ክዳን ሌላ ቀፎ ላይ አጥብቆ መግጠም የሚከብደው ልኩ ካልመጣ ብቻ ነው።

የሶቪየት ሰዓቶች ለዚህች ከተማ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው የዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መነሻ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተ ነው። ከሩሲያ የመጡ መምህራን እዚህ አስተምረዋል፤ በደርግ ዘመን ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሶቪየት ከተሞች ሄደው ተምረዋል። የሞስኮው ስላቫ፣ የሚንስኩ ሉች፣ ኤሌክትሮኒካ የተባለው ባለ ቁጥር ሰዓት በዚህ መንገድም በንግድም መጥተዋል። ሁለቱን መንገዶች ለመለየት ፊቱ ከጀርባው የተሻለ ይረዳል። በሶቪየት ኅብረት መሠራቱን የሚገልጸው ጽሑፍ በሩስኛ ፊደል ከሆነ ለአገር ውስጥ ገበያ፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ ለውጭ ሽያጭ የተዘጋጀ ነው። ባለ አምስት ጎን ቅርጽ ውስጥ ያለው ምልክት ደግሞ አንዳንዱ የጦር ኃይል ዓርማ የሚመስለው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ የመንግሥት የጥራት ምልክት ነው፤ በማቀዝቀዣና በሬዲዮም ላይ ይታተም ነበር። ሴይኮ ላይም የሚመሳሰል ነገር አለ፤ የቀን ስም የሚያሳየው ቀለበት አንዱ ቋንቋ ዓረብኛ ከሆነ ሰዓቱ ለዓረብ አገሮች ገበያ የተዘጋጀ ነበር ማለት ነው። ጅዳ ወይም ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች እኅት አምጥታው ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴም አምጥቶት ሊሆን ይችላል። ቀለበቱ የታለመለትን ገበያ እንጂ የተሸከመውን እጅ አይናገርም።

ከሁሉም በላይ አፈ ታሪክ የሚሠራበት የወታደር ምልክት ነው። ሲደብሊውሲ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለአገሩ ጦር ጂ10 የሚባል የኳርትዝ ሰዓት ሲያቀርብ፣ ክዳኑ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ባለ ሦስት መስመር ቀስት፣ ደብሊው 10 ወይም ሌላ የክፍል ምልክት፣ በ6645-99 የሚጀምር ረጅም ቁጥርና የዓመት አኃዝ ይቀረጽ ነበር። 6645 በኔቶ ዝርዝር የጊዜ መለኪያ መሣሪያ ማለት ነው፤ 99 ደግሞ የእንግሊዝ መለያ ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ጣና ዳር ቢገኝ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ እህል ካመላለሱት የእንግሊዝ አውሮፕላን አብራሪዎች እጅ የወጣ ነው ብሎ ለመተረክ ምላስ ያሳክካል። የእንግሊዝም የምዕራብ ጀርመንም ወታደራዊ አውሮፕላኖች በዚያ ዓመት እህል ማመላለሳቸው እውነት ነው። ሆኖም ክዳኑ የሚያረጋግጠው ሰዓቱ በአንድ ወቅት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት እንደነበር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የጦር ትርፍ ዕቃ ሆኖ በጨረታ ተሽጦ፣ በሦስት አገር ተዘዋውሮ ሊሆን ይችላል። የዓመት አኃዙ እንኳ ታሪኩን ሊያፈርሰው ይችላል፤ በፈረንጅ 1990 የተቀረጸ ሰዓት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ላይ አልበረረም።

በክዳንና በሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ይህ አካባቢ ከሰዓት የሚቀድም ትምህርት አለው። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 በጣና ደሴቶች የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አንሥተው፣ የክብራን ገብርኤልን ስብስብ የያዘውን የመጀመሪያ ካታሎግ በ1973 አሳትመዋል። የብራና አጥኚ አንድን መጽሐፍ ሲመረምር የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ኋላ የገዛውን፣ በባዶ ቅጠል ላይ የርስት ነገር ያስመዘገበውን እየለየ ነው የሚያነበው። የባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ ስም ገብቶበት ያገኛል፤ ሽፋኑ ከውስጡ የተለየ ዘመን ይሆናል፤ ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ቅጠል አብሮ ተሰፍቶ ይገኛል። በባዶው ቅጠል ላይ ያለ ቀን ስፌቱ ካልተረጋገጠ በቀር ለዚያ ቅጠል እንጂ ለመጽሐፉ ሁሉ ቀን አይሆንም። ክዳንም ከሰዓት ክፍሎች ሁሉ በቀላሉ የሚነሣውና የሚለዋወጠው ነው። የሞተ ሰዓት ክዳን፣ ጥሩ ከሆነ፣ በሰዓት ሠሪ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ልኩ ለመጣው ይገጠማል። ይህ ማታለል ላይሆን ይችላል፤ ጥገና ነው። ውጤቱ ግን የአንዱን መለያ ቁጥር ሌላው ተሸክሞ መዞሩ ነው።

አሁን ክዳኑን እናንሣው። በኃይል ተጭኖ የሚዘጋ ክዳን ጫፉ ላይ ቢላ የሚገባባት ትንሽ ጥርስ አለችው። በዚያች ጥርስ አጠገብ ቀጭን ቀጭን ጭረቶች ተደራርበው ከታዩ ብዙ ጊዜ ተከፍቷል፤ ጭረቱ ከጥርሷ ርቆ በቀፎው ላይ ከሄደ ከፋቹ ተገቢው መሣሪያ አልነበረውም፣ ቢላው አምልጦታል። በጥርስ የሚሽከረከር ክዳን ከሆነ ያመለጠ ቁልፍ የቀስት ቅርጽ ያለው ጭረት ይተዋል። ውስጡን ስንገለብጥ የጎማው መቀመጫ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ካለ እርጥበት ገብቷል፤ በሐይቁ ዳር ክረምት ይህ የተለመደ ነው። ባትሪው ከሚነካበት ቦታ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ደግሞ ባትሪ ፈስሶ ነበር። ከዚያም በመርፌ ጫፍ የተጫረ ቀን፣ ወይም በቀጭን እስክሪብቶ የተጻፈ፣ አንዳንዴም የሰዓት ሠሪው የስም መነሻ ፊደል ይገኛል። ዓለም ላይ ያሉ ብዙ ሰዓት ሠሪዎች የሠሩትን ለማወቅ እንዲህ ያደርጋሉ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከማንም በላይ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። በ7ኤ28 ክዳን ውስጥ 12/3/77 የሚል ተጭሮ አገኘን እንበል። ማሽኑ እ.ኤ.አ. ከ1983 በፊት ስላልነበረ ይህ የፈረንጅ 1977 ሊሆን አይችልም፤ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ነው። አንድ ጭረት ሰዓቱ በዚያ ቀን ኢትዮጵያ ውስጥ ወይም የኢትዮጵያን አቆጣጠር በሚጠቀም ሰው እጅ እንደነበረ አረጋገጠ፤ ይህን የትኛውም የፋብሪካ ቁጥር ሊለው አይችልም። 3/13/80 ቢሆንስ? አስራ ሦስተኛ ወር ያለው እኛ ዘንድ ስለሆነ ጳጉሜን 3 ቀን 1980 ብሎ መዝጋት ያጓጓል። ግን አሜሪካዊ ሰዓት ሠሪ ወሩን ያስቀድማልና ማርች 13 ቀን 1980ም ሊሆን ይችላል፤ አሁንም ማሽኑ መቼ እንደወጣ ካላወቅን አይፈታም። 5/6/85 ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ያስኬዳል፤ እንዲህ ሲሆን ከሱ ጎን ያሉትን ቀኖች ማየት ነው። በአንድ ክዳን ውስጥ ሦስት አራት ቀኖች በሁለትና በሦስት ዓመት ርቀት ተከታትለው ከተጻፉ አንዱ ሲፈታ ሌሎቹም ይፈታሉ። በአማርኛ የተቀረጸ ስጦታ በዚህ በኩል ቸር ነው፤ ለሠርግ፣ ለምርቃት ወይም ለጡረታ የተሰጠ ሰዓት ላይ ቀራጩ «ዓ.ም.» ብሎ ስለሚጨርስ ክርክር አይተውም።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንዱ፣ የሴይኮ ክዳን የማሽኑን ቁጥር ስለሚይዝ ክዳኑና ማሽኑ ከተስማሙ ሰዓቱ ያልተነካካ ነው የሚል ነው። መስማማታቸው መልካም ነው፤ አለመስማማታቸውን ማወቅ ደግሞ የበለጠ መልካም ነው። ነገር ግን የዚያው ዓይነት ሰዓት በብዛት ተሠርቷል፤ ሁለት 7548-7000ዎች ክዳን ተለዋውጠው ቢገኙ ቁጥሩ ያለ ነቀፋ ይገጥማል። ስምምነቱን መፈተሽ ፎርጅድ ሰዓትን ያጋልጥ ይሆናል እንጂ የተዘዋወረ ክዳንን አይዝም። ሌላውና ጠንከር ያለው ተቃውሞ፣ የፋብሪካ ጽሑፍን ለማስመሰል መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ጭረትን ግን ማንም በመርፌ ሊጭር ይችላል የሚል ነው። እውነት ነው። ግን አስመሳይ የሚያስመስለው ዋጋ የሚያወጣውን ነው፤ ዛሬ ገበያው የሚከፍለው ለወታደር ቀስትና ለንጹሕ ክዳን እንጂ ለባትሪ ቀን ስላልሆነ ማንም እሱን ለመፍጠር አይደክምም። ቢፈጥረውም ከሥራው ጋር መግጠም አለበት፤ አዲስ ጭረት ቦዩ ውስጥ ያበራል፣ አሮጌው ከዙሪያው ጋር ጠቁሯል፤ ስምንት ጊዜ ባትሪ ተለወጠለት የተባለ ክዳን ጥርሱ አጠገብ ያንን ያህል ቢላ ካላየ ነገሩ አይገጥምም።

በጥቂት መቶ ብር ለሚሸጥ ሰዓት ይህ ሁሉ ምርመራ ምን ያደርጋል የሚልም ይኖራል። ውድ ለሆነው ሰዓት ክዳን ያን ያህል አያስፈልግም፤ አምራቹ መዝገብ አለው፣ ጨረታ ቤት አለ፣ ጠበቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ከሽያጭ ወርዷል፤ ክርክሩ የሰነድና የወራሽነት ነበር። የባሕር ዳር መምህር ወይም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ በደመወዙ የገዛው ሲቲዝን ግን ሰነድ የለውም። ስለሱ የቀረ ጽሑፍ ቢኖር ክዳኑ ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ ዋጋው ባነሰ ቁጥር የእጅ ምልክቱ ብቸኛ ምስክር ይሆናል።

ለዚህም ነው አሮጌ ሰዓት ከመሸጡ በፊት ክዳኑን የማለስለስ ልማድ ሊተች የሚገባው። ፖሊሽ ያደረገው ሰው ሰዓቱን አስውቦ ጥቂት ብር ጨምሮበት ይሆናል፤ «ለወንድማችን» የሚለውን ቅርጽ የሌላ ሰው ስም ነው ብሎ ያጠፋዋል፤ ውስጡንም በአልኮል ሲወለውለው በእስክሪብቶ የተጻፉት የባትሪ ቀኖች አብረው ይሄዳሉ። የፋብሪካው ጽሑፍ ጠልቆ የታተመ ስለሆነ ይተርፋል። ገዢው እጅ የሚደርሰው ክዳን ከማንኛውም የዚያ ዓይነት ሰዓት ክዳን ጋር አንድ ነው፤ ይህንኑ ነው «ንጹሕ» ብለን ተጨማሪ የምንከፍልበት። እንዲህ ያለ ክዳን የቀረበለት ገዢ ቢያንስ ማሽኑን ሳያይ ስለ ዓመት ባይከራከር፣ ሰዓት ሠሪውም ባትሪ ሲለውጥ ቀኑን በመርፌ ቢጭርና ከጎኑ ዓ.ም. ቢልበት ደግ ነው፤ ሁለት ፊደል ለመጨመር የሚወስደው ጊዜ ጎማውን ከማስተካከል ያነሰ ነው።